የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሚስቶች

ቱክዊላ ከተማ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል የአንድ ባልና ሚስት ቤት ምድር ቤት ነው። አባወራውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ኤርፖርት አካባቢ ብዙ ዓመት በሹፌርነት ሠርተዋል። ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው ስልካቸውን ያያሉ። ስልኩን እንደማያዩት፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ባለፈው ኅዳር ሐኪሞቹ ልባቸው ከእንግዲህ በመድኃኒት እንደማይሆንለት ነገሯቸው። የሚተካ የሰው ልብ እስኪገኝ ድረስ የራሳቸውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሊያስገቡላቸው ይችላሉ። እምቢ ማለትም መብታቸው ነው፤ ግን የማሰቢያው ጊዜ አጭር ነው። ከሆስፒታል እንደተመለሱ ሚስታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ ወርደው በሬን አንኳኩ።

«አንቺ የሳይንስ አስተማሪ አይደለሽ? ነይ እስቲ ላይ፣ አስረጂን። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ሲያወራ መኪናውን መንገድ ላይ ፓርክ አድርጎ የመጣ ነው የሚመስለው።»

ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወታቸው ጉዳይ ተጠርቼ በልቤ የማስበው ትምህርቱን ከየት እንደምጀምር ነበር። ነገርን ከመነሻው ካላስረዳሁ የሚገባ አይመስለኝም። ስለዚህ ወረቀት አምጥቼ ሥዕል ሣልኩና ከታሪኩ ጀመርኩ። መጀመሪያ በጥጆች ላይ ነበር የተሞከረው አልኳቸው።

«ጥጃ?» አሉ ጋሼ። «ትስማሚያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት?»

እትዬ ሳቁ። እኔ ገና ወደ ሰዎቹ እየሄድኩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ከሰውነታቸው በሚወጡ ቱቦዎች ትንሽ ፍሪጅ ከሚያህል የአየር ማሽን ጋር ታስረው እንደነበር፣ አልጋቸውን ለቀው ሲሄዱ ማሽኑም እየተገፋ አብሯቸው እንደሚሄድ አስረዳሁ። «ልብ ይበሉ ጋሼ፣ አየሩ በዚህ ሲገባ...»

«ልቡን ሊያወጡት፣ ልብ ይበሉ ትለዋለች!» አሉ እትዬ።

እኔም ሳቅሁና ቀጠልኩ። ደማቸው እየረጋ ስትሮክ ያመጣባቸው እንደነበር፣ አንዳንዶቹ ቀናት፣ ሌሎቹ ወራት ብቻ እንደኖሩ አልደበቅሁም። አሁን ግን ማሽኑ በጀርባ ቦርሳ ይያዛል ብዬ ልጨርስ ስል ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች... ሚስት ነበራቸው?»

«የነበራቸው አሉ።»

«ሶ እነሱስ? ሚስቶቻቸው እንዴት ሆኑ?»

ወደ እትዬ አላዩም። እትዬ ማንም ያልጠየቀውን ውሃ ሊያመጡ ተነሡ። ያኔ ገባኝ። የሆስፒታሉ ሰዎች ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው አብሯቸው መሆን እንዳለበት ነግረዋቸዋል፦ ባትሪ የሚቀይር፣ ቱቦው የሚወጣበትን ቁስል በየቀኑ የሚያጸዳ፣ ማሽኑ ሲጮህ የሚነሣ። ልጅ የላቸውም። ጋሼ ስለ ማሽኑ ጥያቄ አልነበራቸውም። የሚወስኑት በሚስታቸው ላይ ነበር።

ስለ ሚስቶቹ ደግሞ የማውቀው ነገር አልነበረም። ስለ ቱቦው፣ ስለ ጥጆቹ፣ ስለ ሐኪሞቹ አንብቤያለሁ። ከአልጋው አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አላውቅም ብል ያ ሁሉ ማብራሪያ መሃሉ ላይ ሊቀደድብኝ ሆነ።

«እስከ መጨረሻው አልተለዩዋቸውም» አልኩ። «ሸክም አልሆነባቸውም። ደስ ብሏቸው ነው ያስታመሟቸው።» ስለ አየሩ በተናገርኩበት በዚያው ድምፅ ነው ያልኩት።

ጋሼ ሥዕሉን አዩት። «ኦኬ» አሉ። «እንግዲህ ይሁን።»

ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ ጋሼ አሁን ቤት ናቸው፤ የሰው ልብ እስኪገኝ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ደረታቸው ጠክ ጠክ ሲል ሳሎን ውስጥ ይሰማል። የፊታቸው ወዝ ተመልሷል፤ ይቀልዳሉም። እትዬ ሥራቸውን ትተዋል። እጃቸው በመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸውና ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ስለ ሚስቶቹ ያልኩት ከራሴ ነው። የትም አላነበብኩትም።»

«የትኞቹ ሚስቶች?» አሉ። እንደገና ማስረዳት ነበረብኝ። ሲገባቸው እንደ ሳል ያለ ሳቅ ወጣቸው።

«ደስ ብሏቸው! አንቺ ልጅ፣ ካንቺ ወሬ ወዲህ እኮ መድከም አልቻልኩም። ትንሽ ቁጭ ካልኩ እሱ ‹እነዚያ ሴቶች ግን› ይለኛል።»

«ልንገራቸው።»

«አፍሽን ያዢ! ከነገርሽው በየደቂቃው ይቅርታ ሲለኝ ሊውል ነው። እሱን አልችልም።»

«እሺ እኔ ልተካዎት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳቸው ጋር ልቀመጥ፣ እርስዎ ይተኙ።»

«ምን ብዬ? ደከመኝ ብዬ?»

ያገኘነው ምክንያት ልብስ ማጠብ ነው። ማጠቢያው ምድር ቤት፣ ከኔ ክፍል አጠገብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ቅርጫቱን ይዘው ይወርዱና ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋዬ ላይ ይተኛሉ። እኔ ባትሪውን መቀየር ተምሬያለሁ፤ ላይ ከጋሼ ጋር እቀመጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝተው ጆሮአቸውን ወደ ወለሉ አዘነበሉ።

«ማጠቢያው ሲሠራ አይሰማኝም» አሉ። «ምን ነካት? አመማት እንዴ?»

«ልብስ እየለዩ ነው ጋሼ። ነጩን ከባለቀለሙ።»

«እስቲ እዪያት።»

ወረድኩ። እትዬ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ ቅርጫቱ በሩ ላይ እንዳለ ነው። ማጠቢያውን ከፈትኩ፤ ባዶ ነበር። ክዳኑን ቀስ ብዬ ገጠምኩና አስነሣሁት። ውሃው መውረድ ሲጀምር ወደ ላይ ተመለስኩ።

«ደህና ናት?» አሉ ጋሼ።

«ደህና ናቸው» አልኩ።