በቢቸና ድንኳን የተሰቀሉ ፊቶች

የሙዚየማችን ኃላፊ «ሕዝቡ ራሱን ይይ!» ብለው ባይነሡ ኖሮ በዚያ ጥቅምት ዓባይን የሚያሻግረኝ ጉዳይ አልነበረኝም። ፎቶ አንሺው ባልደረባዬ ታደለ ባለፈው ዓመት በቢቸና ገበያ ያነሣቸውን ሰዎች በትልቁ አሳጥበን፣ ለራሳቸው ለባለፊቶቹ አሳይተን፣ ወደዱም ጠሉም ሐሳባቸውን ይዘን እንድንመለስ ላኩን። ከቢቸና ቀጥሎ ሞጣ እንሄዳለን ተብሏል።

የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ጆሮ ይደፍናል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲያወራ የመጣው ተሳፋሪ ሁሉ ጸጥ አለ። ደጀን ሽሮ በላን፤ ከዚያ እስከ ቢቸና አቧራ ጠጣን።

ቢቸና

ከሐረር ተመድቦ የመጣው መምህር ሙሉጌታ ከዕድር ነጭ ድንኳን ተውሶ ጠበቀን። በገበያው ቀን ማለዳ ውስጡ ገመድ ወጥረን ፎቶዎቹን ሰቀልን። ሦስታችንም ለአገሩ እንግዳ ነን፤ ማን ይከልክለን?

ሰዉ መምጣት ጀመረ። ሴቶቹ በራፉ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አንድም የሚያወራ የለም። ሣሩ ላይ እየተቀመጡ ፎቶዎቹን ያያሉ። እኔ ጅሏ «ምን ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው!» እላለሁ።

አንዲት ጠይም እናት ከአንድ ወጣት ፎቶ ፊት ቆሙ። እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ዞር ብለው በቀስታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የት ቀበራችሁት?»

«ማንን እትዬ?»

«ይርጋን። ልጄን።»

ደረታቸውን መቱ፤ ድንኳኑ በዋይታ ተናጠ። መምህሩ ሰው ጠይቆ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ለካ በአገሩ ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልብሱና ፎቶው ድንኳን ውስጥ ተሰቅሎ ነው የሚለቀስለት። እኛ የገበያውን ሰው ሁሉ በቁሙ አርድተናል! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኛ ጉድ ጥቅምትን ጠብቆ መጣ።

አንዳንዱ የራሱን ፎቶ አይቶ እያማተበ ወጣ። የእትዬ ጥሩወርቅ ይርጋ ግን ከክረምት በፊት እንደወጣ አልተመለሰም። አንድ የበቅሎ ነጋዴ «በሰኔ ሞጣ አይቼዋለሁ» አላቸው።

«በሰኔማ ነበራ!» አሉት። «እነሆ አሁን ተሰቅሎ።»

እኔ ብምል ብገዘት አልሰሙኝም። ፎቶውን አውርደው አቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ጠጉራቸውን ተላጩ አሉን። ልጁ ካልተገኘ በሕይወት ያለ ሰው ሞቶ መቅረቱ ነው፤ ነጋዴው አየሁት ወዳለበት ልንሄድ ተነሣን።

ሞጣ

በማግስቱ በጭነት መኪና ሞጣ ገባን። ፎቶ መስቀሉን ተውነው። እየጠየቅን ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከሐጂ ሰይድ መደብር ደረስን፤ ይርጋ ጨው ይጭናል። ተመስገን! ታደለ የፎቶውን ትንሹን ቅጂ አሳይቶ የሆነውን ሲነግረው ልጁ እጁን ከጨው ላይ አነሣ።

«ማን ሰቀለኝ?» አለ።

እናቱን ሳያማክር በሬ ሸጦ ስለጠፋ አፍሮ ነው የቀረው። አሁን ደግሞ መመለስ ፈራ፤ «የተለቀሰለት ሰው በየትኛው በር ይገባል?» አለ።

ሐጂ ሰይድ ተቆጡ፦ «እናትህ እያለቀሰች አንተ በር ትመርጣለህ? ተነሥ አንተ! ጨውህን ሌላ ይጭነዋል።»

ተመልሰን ቢቸና

ለቅሶተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ይርጋ ሲገባ መንገድ ለቀቁለት፤ አንድም ሰው «እንዴት ዋልህ» አላለውም። አንዲት ባልቴት «ሙት ጥላ የለውም» ብላ ጥላውን ፍለጋ መሬቱን አየች። እኔም አየሁ፤ ምን ላድርግ!

እትዬ ጥሩወርቅ በተላጨ ራሳቸው ከፎቶው ሥር ተቀምጠዋል። ቀና ብለው ፎቶውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። እንደገና ፎቶውን አዩ። ከዚያ ተነሥተው ከግድግዳው አወረዱና ሰጡኝ።

«መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ» አሉ። «ሁለቱም እያዩኝ አልችልም።»

ፎቶውን ገልብጬ ደረቴ ላይ ስይዘው ነው ልጃቸው አንገት ላይ የወደቁት። ያን ጊዜ የተነሣው ለቅሶ ከመጀመሪያው ይብሳል።

አዲስ አበባ

ለኃላፊው እንዲህ አልኳቸው፦ ሰውን ከመስቀላችን በፊት መስቀል በአገሩ ምን ማለት እንደሆነ እንጠይቅ። ተስማሙ። የይርጋ ፎቶ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ታደለም የቢቸናውን ፊልም አጠበ። አንዱ ላይ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ከተሰቀሉት ፊቶች መሀል ቆሜአለሁ፤ የእነሱ ተራ ላይ። እናቴ አይታው ደስ አላት።

«ምን ያምራል! ሳሎን ልስቀለው?» አለች፤ ሚስማር ይዛለች።

«እማዬ፣ እኔ እያለሁ?» ብዬ ከእጇ ነጠቅኋት።