ኢንሻ አላህ ያሉት ሰው

የነዋል ቢሮ ደጃፍ ሲደርሱ አቧራ የጠጣ ሸበጣቸውን አውልቀው በፌስታል ይቋጥሩና የተወለወለ ጫማ ያጠልቃሉ። ኮታቸው ኮሌታ ላይ ክር የገባለት መርፌ ተሰክቷል፤ የከሚሴን ባጃጆች ወንበር የሚሰፉ ሰው ናቸው። «አካም ቡልታን፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደርሽ ይሉና የወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተደላድለው ተቀምጠው አያውቁም።

ነዋል አነስተኛ ሥራ ያላቸውን ሰዎች ለስድስት ወር እየተከታተለች የምታማክር ባለሙያ ናት። አስቀድማ ግን ለምክሩ ዝግጁ መሆናቸውን በቅጽ ትመዝናለች። እኚህን ሰው የመዘነቻቸው የዛሬ ወር ነበር።

«የተስማማንበትን በየሳምንቱ ሠርተው ይመጣሉ?»

«ኢንሻ አላህ።»

«ቢከብድዎትስ ይቀጥላሉ?»

«ኢንሻ አላህ፣ ልጄ።»

ቅጹ የሚፈልገው «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ነዋል ወረቀቱን በክንዷ ከለል አድርጋ «ቁርጠኝነት፦ ዝቅተኛ» ብላ ጻፈች። የገዛ አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ «ነገ ኢንሻ አላህ» እያሉ ሲተኙ፣ አንድም ቀን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ውለው እንደማያውቁ እያወቀች ጻፈችው። የምክሩን ቦታም ለሌላ ሰው ሰጠች። ፊት ለፊት መንገሩ ግን ከበዳት።

«እስቲ ከወር በኋላ ብቅ ይበሉ» አለቻቸው።

«ኢንሻ አላህ» ብለው ወጡ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮውን ልትከፍት ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ጫማቸውን ቀይረው ጨርሰዋል።

«ወሩ ዛሬ ሞላ» አሉ ፈገግ ብለው።

ነዋል ቁልፉን እንደያዘች ቀረች። ቀኑን እሷ የትም አልጻፈችውም ነበር።