በደብተሬ የተገኘው የጦር ትእዛዝ

የምጽፈው ከሁለት ዓመት በፊት ደረሰ ብዬ የማምነውን ነው፤ ወሩን ግን አላስታውስም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ በተከፈተ ሰሞን ነበር። ቡሬ ያለችውን እኅቴን ለማየት የመንገዱን መከፈት ለሳምንታት ስጠብቅ ነበርና ይህንስ አልስትም።

በጡረታ የተገለልሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ልጄ ኮምፒዩተሩን ትቶልኝ ሲሄድ፣ ብቸኝነት እንዳይጎዳኝ ብሎ ጦርና ግንብ ያለበት የኢንተርኔት ጨዋታ ጫነልኝ። ተጫዋቾቹ በማኅበር ይደራጃሉ፤ እኔም እያደር የአንዱ ማኅበር የፈረሰኞች አዛዥ ሆንሁ። ጨዋታው ስም ሲጠይቀኝ እንደ ጥንቱ የጦር ሰው «አባ» ብሎ የሚጀምር የፈረስ ስም ለራሴ አወጣሁ። ስሙን እዚህ አልደግመውም።

የማኅበሩን አባላት በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃቸውም። «በቅድሚያ የመሬቱን አቀማመጥ እንመርምር» ስላቸው አንዱ፣ «አዛዣችን፣ ይኼ ፈተና ላይ ይወጣል?» ይለኛል። ሌላው፣ «ዝም በል! ፈረሶቹ እንኳ ጸጥ ብለው እየሰሙ ነው» ይለዋል።

ይሥቃሉ፤ እኔ ግን እፈራለሁ። አንድ ነገር ረስቼ ሁሉንም አስፈጃቸዋለሁ እያልሁ እሰጋ ነበር። የማስታወስ ችሎታዬን ስለማላምነው ትእዛዙን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ «ለግራ ክንፍ አዛዥ» ብዬ ጀምሬ፣ ከግርጌ በፈረስ ስሜ እፈርማለሁ። «ጨዋታ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ አልጻፍሁበትም።

ያን ቀን በሚኒባስ ተሳፍሬ የቅዳሜውን ከበባ ጻፍሁ። ከጎኔ ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት ተቀምጣለች። ኋላ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ኖሯል፣ ደብተሩ ከጉልበቴ ሲወድቅ አልሰማሁም።

ከቡሬ መለስ ብሎ ካለ ኬላ ላይ ቆምን። አንድ ወታደር ገብቶ ሲፈትሽ ደብተሩን ከሴትዮዋ ዘንቢል ሥር አገኘው። ገልጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«አርባ ፈረሰኛ በምሥራቁ በር ይግባ። ግንቡ ሳይነጋ ይያዝ።» ቀና አለና፣ «የማን ነው ይኼ?» አለ።

መልስ ሲያጣ ወደ ወጣቷ እናት ዞረ።

«ካንቺ ሥር ነው የተገኘው። ውረጂ!»

«እኔ መጻፍም አላውቅ!»

«እሱን ወርደሽ ታስረጂያለሽ።»

በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ጽሑፍ የተገኘበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ፣ መቼስ እንደሚመለስ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም ነበር። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባቴ፣ ልጁን ይያዙልኝ» አለች።

«ደብተሩ የእኔ ነው» አልሁ።

አውርደው አለቃቸው ዘንድ አቀረቡኝ። ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

«አባ ማነዎት?» አለ ፊርማዬን እያየ።

«ጨዋታ ነው ልጄ። የኮምፒዩተር ጨዋታ።»

«አርባው ሰው የት ነው ያለው?»

«ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ባሕር ዳር።»

«ስማቸው?»

«አላውቀውም።»

እውነቱን በተናገርሁ ቁጥር ነገሩ ይብስ ነበር። አለቃው ገጹን ገለጠ፤ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ አነበበ።

«‹ዘንዶው እሳት ሲተፋ ቀኝ ክንፍ ያፈግፍግ›» አለ ቀስ ብሎ። «ዘንዶ?»

«ሦስት ራስ ያለው ነው» አልሁ፤ ለምን ያንን እንደጨመርሁ አላውቅም።

ወታደሮቹ በሣቅ ፈነዱ። እርሱ ግን ብዙም አልሣቀም። የተጻፈባቸውን ገጾች ገንጥሎ ባዶውን ደብተር መለሰልኝና፣ «በዚህ ዕድሜዎ ዳዊት አይደግሙም?» አለኝ።

ጉዟችን ሲቀጥል ሴትዮዋ ልጇን እያባበለች፣ «ያንቱ እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ሲጽፉ አይቻለሁ» አለችኝ።

ለእኅቴ ሳወራላት፣ ወታደሩ «የማን ነው?» እንዳለ ወዲያው ተነሥቼ «የእኔ ነው» አልሁ አልኋት። ከዚያ ወዲህ ለሌሎችም እንዲሁ ተርኬያለሁ፤ በተረክሁትም ቁጥር የበለጠ እውነት እየመሰለኝ ሄዷል። አሁን በቅደም ተከተል ልጽፈው ስሞክር ግን አልገጥም አለኝ። ስናገር ሕፃኑ በክንዴ ላይ ነበር፤ የኮቴን ኮሌታ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ከሚኒባሱ ልወርድ ስልም ለእናቱ ልመልሰው ፈልጌ ከጎኔ አጣኋት፤ እኔ ከመናገሬ በፊት ወርዳ ወታደሩ አጠገብ ቆማ ነበር።