ጣውንቴ የተባለችው ግስ

መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ግስ ብቻ ሆነ፤ እንግሊዞች «ጌት» የሚሉት። ባስተማሩበት ሠላሳ ስድስት ዓመት ይህን ግስ ያላማረረ ተማሪ አላዩም። እዚህ ማግኘት ነው ሲሉት እዚያ መድረስ ይሆናል፤ ያዝኩት ሲሉ ደግሞ መረዳት፣ መናደድ፣ መሻል። እንደ ጨው የማይገባበት የለም። ይህን ጉድ አንድ በአንድ የሚፈታ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብለው መኝታ ቤቱ ጥግ ጠረጴዛ አቆሙ።

አሠራራቸው የግትር ነው። ለአንድ ትርጉም አንድ ካርድ፣ በካርዱም ላይ አንድ ምሳሌ። ምሳሌው ከራስ አይፈጠርም፤ በዚያው ቀን በቤታቸው የሆነ ነገር መሆን አለበት፤ ቀኑም ከግርጌው ይጻፋል። «የውሸት ምሳሌ ለተማሪ መርዝ ነው» ይላሉ።

ባለቤታቸው ግሱን «ጣውንቴ» ብለው ስም አውጥተውለታል። መምህሩ ወደ ጠረጴዛው ሲያመሩ «ጣውንቴን ሰላም በልልኝ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ጨርሰው ዓርብ እንዲያስረክቡ ቀጠራቸው። ሰኞ ዕለት ሴትዮዋን ሆዳቸውን በቀኝ በኩል ወጋቸው። ማክሰኞ ባሰባቸው። ረቡዕ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ ይሆን?» አሉ መምህሩ፣ ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ።

«አንተ ጣውንቴን ጨርስ፤ እኔ የትም አልሄድ።»

ሰውዬው መስማት የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል እያሉ ለሰው ሲመክሩ የኖሩ ሰው ወደ ካርዳቸው ተመለሱ።

ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ እናቷን ስታይ ጮኸች። በታክሲ ሐኪም ቤት አደረሷቸው።

«መቼ ጀመራቸው?» አለ ሐኪሙ።

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች። መምህሩ አፈሩ፤ ሌላ ምንም አይደለም፣ ልጃቸውን አፈሩ።

«ዛሬ ጠዋት» አሉ።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋቸውና መልሰው ጨፈኑ። ባላቸውን በሰው ፊት ማሳጣት አያውቁበትም። ሐኪሙም «ገና ከሆነ እስከ ማታ እንከታተላቸው» አለ። ለካስ ትርፍ አንጀታቸው ቀድሞ ፈንድቶ ኖሯል። በማግስቱ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቱ ቤቱን ልታስተካክል ካርዶቹን ሰበሰበች። እንግሊዝኛ ያስተማሯት አባቷ ናቸውና ማንበቡ አልከበዳትም። ከላይ ያሉት ሦስቱ «ባለቤቴ ታመመች»፣ «ባለቤቴ ባሰባት»፣ «ባለቤቴ መነሣት አቃታት» ይላሉ፤ ሦስቱም በዚያው ግስ፣ በዚያው ባማረ የእጅ ጽሑፍ። ግርጌያቸው ላይ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ተብሏል።

ካርዶቹን ይዛ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እነዚህን እንዲያው ፈጥረሃቸው ነው በለኝ። እባክህ።»

መምህሩ ባዶውን አልጋ ብዙ አዩት።

«ፈጥሬ አላውቅም፣ ልጄ» አሉ።