በጀልባው ላይ የመጣው ትኩሳትና እኔ የደበቅሁት በሽታ

መጀመሪያ ያየሁት በልጄ በዳግም ግራ እግር ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ጭረት ነው። ደም እንኳ በቅጡ አልወጣውም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጀልባው ሥር ጠልቆ ቆይቶ ሲወጣ አየሁትና "ምን ነካህ?" አልኩት። "ባርናክል ነው፤ ምንም አይደል" አለኝ። ባርናክል የሚሉት ከጀልባ ሆድ ጋር የሚጣበቅ፣ ጫፉ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የባሕር ቅርፊት ነው። ጀልባውን ስለሚያዘገየው እየጠለቁ ይፍቁታል። ጭረቱን በአልኮል ጠረግሁለት፤ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ከዚያ እራት ሠራሁ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ልጄ እናቱ መሆኔን አያውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የልጃቸውን በሽታ ይዘው ዝም ላሉ እናቶች ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሐኪሞቹ የነገሩኝን ግን ደብተር ላይ ስጽፍ ነበር። የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም ምራቴ ሶስና አይታ አርማልኛለች።

ዳግም ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራ ነበር። ከሶስና ጋር በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አንድ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዙና አፓርታማቸውን ለቀው ወጡ። ሥራውን ከዚያው ሆኖ በኢንተርኔት ይሠራል። እኔ ግን "ቤት አጥቶ የሚንከራተት ሰው አይቻለሁ፤ ቤቱን ትቶ ውሃ ላይ የሚተኛ አላየሁም" ብዬው ነበር። ቅዝቃዜው ሳይገባ ተነሱና የባሕሩን ዳር ይዘው እስከ ፍሎሪዳ ወረዱ። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የሆቴል ላውንደሪ ነው። አንሶላ እያጠፍኩ በየሰዓቱ የእነሱን አገር ነፋስ በስልኬ አያለሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሁለት ሳምንት ቬኬሽን ወስጄ ሄድኩ። ባሕር ወድጄ አይደለም። በዓይኔ ካላየሁት እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው።

ጀልባው ከከተማ አውቶቡስ ያጥራል። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው አያስቆምም። ምድጃው ጀልባው ሲያጋድል አብሮ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ተሰቅሏል፤ ሽሮ ስሠራ ድስቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የማጋድለው እኔ ነኝ። ሽንት ቤቱ በእጅ ፓምፕ ይደረጋል። የሚጠጣው ውሃ በታንከር ስለሆነ ሳህን የምናጥበው በባሕር ውሃ ነው፤ ንጹሑን ለማለቅለቂያ ብቻ እንነካዋለን። ጠዋት መልሕቅ ይነሳል፤ ነፋስ ካለ ሸራው ይዘረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዛፎች ሥሮቻቸውን ውሃ ውስጥ የተከሉበት ጸጥ ያለ ጥግ ፈልገን እናድራለን። ውሃው ለብ ያለ ነው። እጄን ስነክርበት ለሕፃን ገላ የተዘጋጀ ይመስለኝ ነበር።

የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ስበላም አላወልቅም። ዳግም ይስቅብኛል።

"እማ፣ መልሕቅ ጥለናል እኮ። ቆመናል።"

"ቆሞ የሰመጠ የለም ያለህ ማነው?"

"ሶሲ፣ ነገ እማን ካፒቴን እናድርጋት። ከወደብ አንወጣም፤ ጋዝ እንቆጥባለን።"

"ተዋቸው" አለች ሶስና። "ከሦስታችን አእምሮ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።"

እኔ የፈራሁት መስመጥን ነበር። ለዚያ ጃኬት አለ።

ረቡዕ ጠዋት ዳግም አልተነሳም። "እግሬን አመመኝ" አለ። ፕላስተሩን ላጥኩት። ጭረቱ ያው ትንሽ ነው። ዙሪያው ግን ቀልቷል፤ አብጧል። ስነካው ጮኸ። በልጅነቱ እጁ ሲሰበር እንኳ አልጮኸም። ይህን ልብ በሉ። ሕመሙ ከቁስሉ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውጭው ያቃጥላል። እሱ ብርድ ልብስ ይላል። ትኩሳቱን ለካሁት። በፋራናይት መቶ ሦስት። የቀላውን ቦታ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ከበብኩት። ጥቂት ቆይቼ አየሁት። መስመሩን አልፎ ሄዷል። እኩለ ቀን ላይ ቅልጥሙ ውሃ ቋጠረ። ሐምራዊ። ደም የያዘ።

"ላውንደሪው ደረሰ?" አለኝ። ምን እንደሚል አላወቅሁም። እንደማያውቀኝ ሰው እያየኝ ደግሞ ጠየቀኝ።

ሶስና ሬዲዮውን አነሳች። ያለንበትን ቦታ ቁጥር በቁጥር ነገረቻቸው። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች በፈጣን ጀልባ መጡ። አራት ሆነው አወረዱት። እኛም አብረን ሄድን። ጀልባው እዚያው መልሕቁ ላይ ብቻውን ቀረ።

ኢመርጀንሲ የተቀበለችን ሐኪም ረጅም፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ነች። እግሩን አይታ ወዲያው ጠየቀች።

"ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር?"

"ትናንት" አለች ሶስና።

"ጉበቱን ታሞ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ዳግምን ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። እሱም አላውቅም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "እናቱ ነዎት?" አለችኝ። አዎ አልኩ። "ጉበት?" አለች። ቃሉን በእንግሊዝኛ አውቀዋለሁ። ከእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ አስቀድሜ ያወቅሁት እሱን ነው። ሶስና አጠገቤ ቆማለች። ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ። ዳግም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ነው አሜሪካ የገባነው። ለትምህርት ቤት ክትባት ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ደም ሰጠ። ከሳምንት በኋላ አንዲት ነርስ በአስተርጓሚ ደወለችልኝ። "ልጅዎ ሄፓታይተስ ቢ አለበት። ጉበቱ በየስድስት ወሩ መታየት አለበት። ከወሊድ የመጣ ሊሆን ስለሚችል እርስዎም ይመርመሩ" አለችኝ። እሱን አንድ ጊዜ ወሰድኩት። "ለምንድነው ደም የሚወስዱኝ?" ሲለኝ "ለቫይታሚን" አልኩት። ከዚያ በኋላ ተውኩት። እኔም አልተመረመርኩም።

አገር ቤት ጉበቱን የታመመ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አይቻለሁ። ልጄ ቢጫ አልሆነም። ይሮጣል፣ ይበላል፣ ኳስ ይጫወታል። ጸበል አጠጣሁት፤ ድኗል ብዬ አመንኩ። ጸበሉን አላማም። ጸበሉ ደብቂ አላለኝም። የደበቅሁት ሰው ፈርቼ ነው። በማኅበር፣ በሰርግ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። የጉበት በሽተኛ ከተባለ ማን ልጁን ይሰጠዋል? በኋላ ሶስና መጣች፤ መልካም ልጅ ነች፤ የባሰ ፈራሁ። እኛ መርዶ እንኳ የምንነግረው ቀን መርጠን፣ ሰው ሰብስበን፣ ሰውዬው የጠዋት ሥራውን እስኪጨርስ ጠብቀን ነው። እኔም ቀን ስመርጥ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ።

ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። ወረቀት ይዛለች።

"የደም ምርመራው መጣ" አለች። "ይህ በአንድ ቀን የታመመ ጉበት አይደለም። የምታውቁት ነገር ካለ አሁን እፈልገዋለሁ።"

ሶስና "ምንም የለም እኮ" ማለት ጀመረች። እኔ እጇን ያዝኩ።

"ሄፓታይተስ ቢ" አልኩ። "ከልጅነቱ ጀምሮ። እኔ አውቃለሁ።"

"እሱስ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ሐኪሟ ጻፈች። እየሮጠች ሄደች። በመጀመሪያው ጥያቄና በእኔ መልስ መካከል አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልፏል። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር።

ተሐዋሲው ቪብሪዮ ቫልኒፊከስ ይባላል። በሞቃት የጨው ውሃ ውስጥ ይኖራል። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። ጉበቱ የታመመ ሰው ላይ ግን ወደ ደም ይገባል። የዳግም ደም ውስጥ ገብቷል። ሴፕሲስ፣ የደም መመረዝ ነው አሉን። ዶክሲሳይክሊንና ሌላ አንድ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። ያን ዕለት የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አነሱ። ሐሙስ እንደገና አነሱ። ዓርብ ጠዋት ሐኪሟ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል አወቅሁ።

"እግሩን ከጉልበቱ በላይ ካልቆረጥን ዛሬ ይሞትብናል" አለች።

ሶስና ፈረመች።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ነበርን። ሶስና ወለሉን እያየች ጠየቀችኝ።

"እኔን ፈርተው ነው?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ሽንት ቤት በእጄ ፓምፕ እያደረግሁ ስምንት ወር ጀልባ ላይ የኖርኩለት ሰው ነው። ጉበቱን ሰምቼ ልሄድ ነበር?"

ተነስታ ነርስ ጠራችና ራሷ ለምርመራ ደም ሰጠች። በልጅነቷ ተከትባ ኖሯል፤ አልያዛትም። ክትባቱ ለባልም ለሚስትም አለ። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር በመርፌ የሚጠበቅ ነበር።

ሐኪሟን ሌላ ቀን ብቻዋን አገኘኋት። በአስተርጓሚ ጠየቅኋት። "ወዲያው ብናገር እግሩ ይድን ነበር?"

"ባሕር ገብቶ እንደነበር ስለሰማን መድኃኒቱን ጀምረናል" አለችኝ። "ያ አንድ ሰዓት ለውጥ ያምጣ አያምጣ አላውቅም። የማውቀው ሌላ ነው። በሽታውን ቢያውቅ ኖሮ ሐኪሙ ሞቃት ባሕር እንዲጠነቀቅ ይነግረው ነበር። ቢጫርም ማክሰኞ ማታ ይመጣ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት አይደለም።"

አልዋሸችኝም። አመሰግናታለሁ። ግን እንቅልፌን ይዛው ሄደች።

አይ.ሲ.ዩ.፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ከዚያ ተራ ክፍል፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሜሪላንድ አመጣነውና ሮክቪል አጠገብ ባለ ማገገሚያ ቤት ከአልጋ ወደ ወንበር መውረድን፣ ከወንበር መነሳትን፣ በኋላም በሰው ሠራሽ እግር በብረቶቹ መካከል መራመድን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማረ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤት አፓርታማ ተከራይተዋል፤ ደረጃ የለውም። ጀልባውን ሸጠውት ሰው ወሰደው። እኔ በእረፍት ቀኔ ሁለት አውቶቡስና ባቡር ቀይሬ እሄዳለሁ፤ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ወጥ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ቁስሉ ያልደረቀበትን ቦታ ሶስና ስትቀይርለት እቃ አቀብላታለሁ። ሶስና ድሮ "እማዬ" ትለኝ ነበር። አሁን ስሜን ነው የምትጠራው፤ በአክብሮት ነው፣ ቡና እንኳ ሳትሰጠኝ አሰናብታኝ አታውቅም፤ ግን ስሜን ነው።

ጉበቱን የሚያየው ሐኪም ሌላ ሰው ነው። "ሲሮሲስ ነው፤ ጉበቱ ጠባሳ ይዟል" አለን። "ጠባሳው ወደ ኋላ አይመለስም ብላችሁ ቁጠሩት። ቴኖፎቪር በየቀኑ ይውሰድ፣ እንዳይብስ እንሞክራለን። በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ካንሰር እንፈልጋለን።" በየስድስት ወሩ። ያቺ ነርስ ያለችውን ነው ያለን። እኔም ተመረመርኩ። አለብኝ። ያስተላለፍኩበት እኔ ነኝ፤ የእኔ ጉበት ግን ደህና ነው አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ አለቀስኩ፤ ነርሷ በደስታ መስሏት አቀፈችኝ።

ዳግም ከሆስፒታሉ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። አጭር አጭር። አንድ ቀን ብቻ፣ እግሩን አውልቆ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ በአማርኛ ጠየቀኝ።

"መቼ ልትነግሪኝ ነበር?"

ልጅ ስትወልዱ፣ ቤት ስትገዙ፣ ልል አሰብኩ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ውሸት ከአፌ አይወጣም ብዬ ነበር።

"አልነግርህም ነበር" አልኩት።

"ኦኬ" አለ። ቴሌቪዥኑን አየ። ተነስቼ ልብሱን ከማድረቂያው አወጣሁ።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ልጄ አለ። እነዚያን አራት የባሕር ሰዎች አመሰግናለሁ፤ ስማቸውን አላውቅም። ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ሶስናን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም። ድኗል ግን ልላችሁ አልችልም። ቁስሉ ይከፈታል፣ ጉበቱ ይደክማል፣ ሐኪሙም ተስፋ የሚባል ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጉበቱ የታመመ ሰው ካላችሁ፣ ቁስል ይዞ ሞቃት ባሕር አይግባ፤ ከባሕር የወጣ ጥሬ ነገርም አይብላ። ከቁስሉ የበለጠ ሕመም ካያችሁ ጠዋትን አትጠብቁ። የቤታችሁን ሰው ሁሉ አስመርምሩ፤ ያልያዘው ይከተባል፣ የያዘው መድኃኒት አለው። እናንተም ተመርመሩ።

ለልጃችሁ ደግሞ ንገሩት። ቀን አትምረጡ። አብሉት፣ አስቀምጡት፣ ንገሩት። ይቆጣል። ይጮህባችኋል፤ በሩን ወርውሮት ይወጣል። ይውጣ። የእኔ ልጅ በሁለት እግሩ ቆሞ ቢቆጣኝ፣ በሩን ሰብሮ ቢወጣብኝ፣ ዛሬ ምን ባልሰጠሁ።