ዳገቷና የሎንች ኮንትሮሉ ክስ

የከተማ አውቶቡስ በነዳችባቸው ዓመታት ሁሉ ሰው የሚያውቃት በአንድ ነገር ነበር፤ ዳገት ላይ ስትቆም መኪናዋ ወደ ኋላ አንዲት ጣት ያህል አትንሸራተትም። የምትሠራበት መስመር ከተማውን ከታች እስከ ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ ቀይ መብራቱ የተተከለው ሹፌር ሁሉ በሚራገምበት ቦታ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሌሎቹ እዚያ ሲደርሱ የእጅ ፍሬን ይጎትታሉ፤ ሲነሱ ይንሸራተታሉ፤ ከኋላ ያለውም ጥሩምባውን ያስጮኻል። እሷ ፍሬን አትይዝም። ግራ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ፣ ቀኝ እግሯን ነዳጁ ላይ አድርጋ፣ ሁለቱን እያመዛዘነች ያን ሁሉ ሰው የጫነ ብረት በክር እንደተንጠለጠለ ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች። ተሳፋሪው «ዳገቷ» ያላት ለዚህ ነው። ጡረታ ስትወጣ መሪውን አስረከበች፤ ስሙ ግን አብሯት ቤት ገባ።

ባለፈው ዓመት ከልጇ ጋር ተጋግዘው አዲስ መኪና ገዙ። ልጇ መነጽር ሠሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለዐይን የማይታይ ጭረት ሲፈልግ የሚውል፣ ጥንቁቅ ሰው። በሥራ ቀን መኪናዋ የእናትየው ናት፤ ቅዳሜና እሑድ የልጁ። መኪናዋ ኦቶማቲክ ስለሆነች የፍሪሲዮን ፔዳል የላትም። ዳገቷ መጀመሪያ ቀን ግራ እግሯን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት፣ «ይሄስ አብሮኝ ጡረታ ወጣ» ብላ ሳቀች።

ልጁ አዲስ ዕቃ ሲገዛ ከነማስጠንቀቂያው ሙሉ መመሪያውን የሚያነብ ዓይነት ነው። የመኪናዋንም ሲያነብ «ሎንች ኮንትሮል» የሚል ምዕራፍ ላይ ደረሰና እንቅልፍ አጣ። ነገሩን ቀስ ብለን ካየነው ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ይገባናል፤ በእውነት የሚያስደስት ብልሃት ነውና። ከቆመበት በኃይል ለሚነሳ መኪና ትልቁ ችግር የኃይል ማነስ አይደለም። ችግሩ ኃይሉን አስፋልቱ ላይ ማሳረፍ ነው። ነዳጅ ሲበዛ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል፤ ሲያንስ መኪናው እያዛጋ ይነሳል። ልኩን በእግር ማግኘት የብዙ ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ሎንች ኮንትሮል ያን ልክ ኮምፒውተሩ እንዲያገኝ ያደርጋል። ሹፌሩ በግራ እግሩ ፍሬኑን አጥብቆ ይይዝና በቀኙ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። ሞተሩ ያጓራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከተወሰነ ዙር በላይ አይለቀውም፤ እዚያው ላይ አንቆ ይጠብቃል። ፍሬኑ ሲለቀቅ ፍሪሲዮኑን ለአጭር ቅጽበት ብቻ አንሸራትቶ ይገጥመዋል፤ መኪናው ተወንጭፎ ይወጣል።

ልጁ አንድ እሑድ ባዶ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሞከረው። ፊቱ እንደበራ ቤት ገብቶ ለእናቱ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ጥፋቱ መናገሩ ሆነ። ለዳገቷ መኪናን እንደዚያ ማስነሳት ሕፃንን ከእንቅልፉ በጥፊ እንደመቀስቀስ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ መኪናዋ ስትነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ብርድ እንደያዘው ሰው ከታች ይንዘፈዘፍባታል። ምስክር አልተፈለገም። እናትየው ለእህቷ ደወለች፤ እህቷ የልጁ አክስት ናት፤ አክስቱ ያወቀችውን ደግሞ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ሳምንቱ ሳያልቅ ልጁ በሄደበት «ያቺን አዲስ መኪና ያቃጠልካት አንተ ነህ አሉ» የሚለው ሰው በዛ። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ሲል «ሁሉም እንደዚያ ይላል» ይሉታል።

ልጁን የመኪናዋ መታመም ያን ያህል አላመመውም። አንጀቱን የቆረጠው እናቱ ቃሉን አለማመኗ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን ማረፍ ያቆመበት አሮጌ ማኮብኮቢያ አለ፤ በወሩ መጨረሻ እሑድ መኪና የሚወዱ ሰዎች እዚያ በደንብና በሥርዓት ተራ እየጠበቁ ይወነጨፋሉ። እሱም ተመዝግቦ ነበር። እናቱ «በሬሳዬ ላይ ተራምደህ ካልሆነ አትሄድም» ስላለች ስሙን ለማሰረዝ ተዘጋጀ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ለመናት፤ መኪናዋን መካኒክ ይያት፤ ጥፋቱ የሱ ነው ከተባለ አፉን ይዘጋል።

መካኒኩን የመረጠችው እሷ ናት። በአውቶቡሱ ዘመን የዴፖው ጋራዥ ውስጥ አብሯት የኖረ፣ አሁን የራሱን ጋራዥ የከፈተ፣ ሞተር ሲመረምር ዐይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ «ጆሮ» የሚባል ሰው ነው። ዕቃ መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት ልጁን ብዙ ጠየቀው። ስትሞክራት ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ እንደተነሳ? አዲስ መኪና ቀስ ተብሎ የሚነዳበትን የመላመጃ ጊዜ ጨርሳ ነበር? በሁለቱ ሙከራ መካከል አሳረፍካት? ልጁ ሁሉንም መለሰ፤ መመሪያው ያዘዘውን አንድም አላጎደለም።

ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያስረዳቸው ጀመር፤ ማስረዳት ሲጀምር ደግሞ ፊቱ ይፈካል። ሞተሩን እርሱት አለ፤ ዘይቱ ሞቆ እስከተሰራጨ ድረስ ኮምፒውተሩ ከሚችለው በላይ አያስጮኸውም። ሎንች ጉዳት የለውም አላለም። ድንገተኛው ኃይል የሚያርፈው ጎማው ላይ፣ ከካምቢዮው እስከ ጎማው በሚሄደው ብረት ላይ፣ ሞተሩን ከሥር ደግፈው በያዙት ላስቲኮች ላይና ከሁሉም በላይ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። አዲስ መኪና ገና ሳይላመድ፣ ወይም ሳያሳርፍ ደጋግሞ ያደረገው ሰው ዕድሜዋን ያሳጥራል። ሁለት ጊዜ፣ ሞቃ፣ አርፋ ግን እንዲህ አያንቀጠቅጣትም።

«ታዲያ ምን ሆና ነው?» አለች ዳገቷ፤ ድምፅዋ ውስጥ ገና ክሱ አለ።

ጆሮ ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ እንድታሽ አደረጋት። ፍሪሲዮን ማለት ይኸው ነው አላት። ሁለት ፊት ናቸው፤ አንዱ በሞተሩ ይዞራል፣ ሌላው ጎማውን ያዞራል። ጥብቅ ብለው ሲገጥሙ አይሞቁም፤ ተለያይተው ሲቆሙም አይሞቁም። የሚሞቁት በመካከል፣ ሳይገጥሙም ሳይለያዩም ሲፋተጉ ነው። ሎንች ያፋትጋቸዋል፤ ኃይለኛ ነው ግን ያልቃል። ይህቺን መኪና የሆነ ነገር ደጋግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ እያሸ ነው። ከዚያ «ስትነጂ ልይሽ» አላት።

እሷ መሪው ላይ፣ ጆሮ ከጎኗ፣ ልጁ ከኋላ ሆነው ወደ ቤት ተነሱ። የነዳጅ አረጋገጧ ምንም እንከን አልነበረውም፤ ጆሮ ዐይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሄደ። እንዲህ እያሉ የመኖሪያ ግቢያቸው በር ደረሱ። በሩ ያለው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ነው። የግቢው ዘበኛ ደግሞ ጥሩምባ ሲሰሙ መጀመሪያ ጫማቸውን፣ ቀጥሎ ቁልፋቸውን የሚፈልጉ አዛውንት ናቸው። ዳገቷ አቀበቱ መሐል ቆመች፤ ፍሬን አልያዘችም። ነዳጁን በስሱ ረገጥ አድርጋ መኪናዋን ልክ እንደ አውቶቡሱ አንጠልጥላ ያዘቻት። መኪናዋ ወደፊትም ወደኋላም አላለችም። ዳገቷ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዛ ወደ ጆሮ ዞር አለች፤ አድናቆቱን ጠብቃ ነበር።

እሱ ግን ዐይኑን ገልጧል። «መስኮቱን አውርጂው» አላት።

አወረደችው። ሽታው ገባ፤ እንደተቃጠለ ፀጉር፣ እንደተለበለበ ላስቲክ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ሽታውን በደንብ ታውቀዋለች፤ ዴፖ ውስጥ ሲሸታት «ማነው ይሄ ነጂ» እያለች ስታማ ኖራለች። ዘበኛው በሩን ከፍተው እጃቸውን በአክብሮት ዘረጉላት፤ እሷ ግን አልገባችም።

እዚህ ላይ የሆነውን እንየው። መኪናዋ ኦቶማቲክ ብትሆንም ፍሪሲዮን አላት፤ ያውም ሁለት። ፔዳሉ ነው የሌላት፤ የሚገጥመውና የሚለያየው ኮምፒውተሩ ነው። አቀበት ላይ ፍሬን ሳይያዝ ነዳጅ በስሱ ሲረገጥ፣ ኮምፒውተሩ «ልትሄድ ነው» ብሎ ፍሪሲዮኑን ማስጠጋት ይጀምራል፤ ነዳጁ ግን ለመሄድ አይበቃም። ስለዚህ ሁለቱ ፊቶች ሳይገጥሙ፣ ሳይለያዩ፣ ዘበኛው ጫማቸውን እስኪያገኙ ድረስ ይፋተጋሉ። ይህ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ደጋግሞ። ከዚህ ጋር ሲተያይ ልጁ ያደረገው ሁለት ሎንች ክብሪት ጭሮ እንደማጥፋት ነው። ይህን ስሕተት ጀማሪ ሹፌር አይሠራውም፤ ጀማሪ ፍሬኑን ይይዛል። እንዲህ ለመሳሳት የዕድሜ ልክ ሙያ ያስፈልጋል።

ዳገቷ ቀስ ብላ ፍሬኑን ረገጠች። ሽታው እየሳሳ ሄደ። ከኋላ ልጁ ሳቁን ውጦ ቁጭ ብሏል።

«አውቶቡሱን ግን ስንት ዘመን እንዲህ ስይዘው ምንም አልሆነም» አለች፤ ከመሸነፍ በፊት የሚባል ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

ጆሮ ለረጅም ጊዜ ሲጠብቀው የኖረ ጥያቄ ይመስላል። «አንቺ ሴት፣ ያን ሁሉ ዘመን ፍሪሲዮንሽን ማን ሲቀይር የኖረ ይመስልሻል?»

ልጁ ያኔ አልቻለም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛው ምን እንደተፈጠረ ሊጠይቁ ጎንበስ ሲሉ ዳገቷም ራሷ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ መሪው ላይ ተደፋች። ለካ ዴፖ ውስጥ የሷ አውቶቡስ ፍሪሲዮን ቶሎ ቶሎ ያልቃል እየተባለ ሲታማ፣ ጆሮ «መስመሩ ከባድ ነው» እያለ ሲሸፍንላት ኖሯል።

ፍሪሲዮኑ ላዩን ተቃጠለ እንጂ አላለቀም ነበር። ጆሮ የፍሪሲዮኑን አገጣጠም ለኮምፒውተሩ እንደ አዲስ አስተማረው። ከባዱ ዳገቷን ማስተማር ነበር። ቀኝ እግሯ አቀበት ባየ ቁጥር ወደ ነዳጁ ይሮጣል፤ «ና ወደዚህ» እያለች ወደ ፍሬኑ ትመልሰዋለች። ዘበኛውም ከመኪናዋ ኋላ የፍሬኑ ቀይ መብራት በርቶ ሲያዩ «እትዬ፣ ምነው ዛሬ ፍሬን ያዙ፣ አሞዎት ነው?» አሏት። ቀን በቀን መንቀጥቀጡ ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። መኪናዋ እንደ ቅቤ ልስልስ ብላ መነሳት ስትጀምር ዳገቷ ደስታዋን ለልጇ አልነገረችውም። «እሑድ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» ብላ ብቻ ጠየቀችው።

ማኮብኮቢያው ረጅምና ጠፍጣፋ ነበር፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይርገበገባል። መኪኖች ተራ ይዘው ይወነጨፋሉ፤ ተመልካቹ ከገመዱ ወዲያ ሆኖ ያፏጫል። ልጁ መጀመሪያ እናቱን ከጎኑ አስቀምጦ አንድ ጊዜ ነዳ። ሲያቆም ፊቷን ለማየት ፈራ። እሷ ቀበቶዋን ፈታች። «ውረድ» አለችው፤ «ወንበሩን ወደፊት አስጠጋልኝ።»

ጠበቁ፤ ካምቢዮው እንዲበርድ ልጁ ቀስ እያለ ዙሪያውን አንሸራሸራት። ተራቸው ሲደርስ ዳገቷ መሪው ላይ ሆና እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ ተናገረች። ግራ እግር ፍሬን ላይ። አጥብቆ። ቀኝ እግር ነዳጅ፣ እስከ ወለሉ። ሞተሩ አጓራ፤ መሪው በመዳፏ ውስጥ ነዘረ፤ መላ መኪናዋ እንደተወጠረ ቀስት ሆነች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እንዳይወዛወዝባት ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ግራ እግሯን አነሳች።

ጀርባዋ ወንበሩ ውስጥ ገባ። ጎማው አንድ ጊዜ ጮኸና ያዘ፤ ማርሹ ተቀየረ፤ እንደገና ተቀየረ፤ የአስፋልቱ መስመሮች አንድ ሆኑ። ዳገቷ እየሳቀች ይሁን እየጮኸች ልጇም አላወቀም። ጫፍ ላይ ደርሳ ስታቆም መቆሚያው ላይ እንኳ መኪናዋ አልተንገጫገጨችም፤ ልማድ አይለቅም።

ጥላ ሥር አቆመችና ስልኳን አወጣች። እህቷ አነሳች፤ ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው አለቻት።

«ስሚኝ» አለች ዳገቷ፤ «መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ልጁ አይደለም።»

አክስትየዋ ልጁ አጠገቧ ቆሞ እያስገደዳት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀች።

«የለም፣ እሱ ውኃ ሊገዛ ሄዷል። እኔ ነኝ አልኩሽ። በር ላይ እያቆምኩ፣ በነዳጅ እየያዝኩ አቃጠልኳት። እሱ እውነቱን ነበር የነገረን። የነገርሽውን ሰው ሁሉ መልሰሽ ትነግሪልኛለሽ፤ አንድም ሳታስቀሪ።» በዚህም አላበቃችም። «ደግሞ አሁን ምን እንዳደረግኩ ላጫውትሽ። በመጀመሪያ ግራ እግርሽን ፍሬኑ ላይ ታደርጊያለሽ…»

ልጁ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ይዞ ሲመለስ እናቱ በስልክ ለአክስቱ ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ታስረዳለች። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ሁለት መዳፎቿን ታሻለች፤ አክስቱ የምታያት ይመስል። ውኃውን አጠገቧ አስቀምጦ ኮፈኑን ተደግፎ ቆመ፤ ጨዋታው እንዲያልቅ አልቸኮለም።