በዋሻ የተጠለለው ሰርግ

ልጄ በስልኳ ካናዳ ውስጥ ስላሉ ትልልቅ ዋሻዎች ቪዲዮ ታያለች። ከዋሻው ጣሪያ የሚወርደው ውኃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ብሰማ የአክስቴ የይታይሽ ሰርግ ትዝ አለኝ።

ከሞጣ ድረዋት ወደ ቢቸና እየተጓዝን ነበር። እሷ በበቅሎ ላይ፣ እኔ ሕፃኗ ከኋላዋ ተፈናጥጬ። ሙሽራውን ከዚያ ቀን በፊት አይታው አታውቅም፤ ስታለቅስ ጀርባዋ ሲርገበገብ ይሰማኛል። መንገድ ላይ ያለ ወቅቱ በረዶ ወረደብንና አጃቢው ሁሉ ገደል ሥር ካለ ዋሻ ገባ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ስንቀጠቀጥ ያየኝ ሙሽራው ካባውን አውልቆ አለበሰኝ።

አክስቴ ከመሸፈኛዋ ሥር ቀና ብላ፣ "አንተስ አይበርድህም?" አለችው።

ሚዜዎቹ የጀግና መልስ ሲጠብቁ፣ እሱ ጥርሱ እየተንገጫገጨ "ኧረ ገደለኝ!" ብሎ ጮኸ። ዋሻውም "ገደለኝ... ደለኝ..." እያለ ተቀበለው።

አክስቴ በሳቅ ፈረሰች። የቅኔ መምህር የነበሩት ሽማግሌ አጎታችን ደግሞ፣ "ስሙ ዋሻ ሆነ እንጂ ሲዋሽ አልሰማነውም" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ነገሩ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ። በረዶው እስኪያባራ እዚያው ተጨፈረ።

ዛሬ ቢቸና ደውዬ ይህንኑ ባስታውሳት፣ አክስቴ እየሳቀች እንዲህ አለችኝ፦

"ያ በረዶ ባይጥል ኖሮኮ መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ጋ ስንደርስ ወርጄ ልጠፋ ነበር! አንቺንም ከኋላዬ ያስቀመጥኩሽ ብቻዬን መሮጥ ፈርቼ ነው።"